ኩባንያው የሚቀጥረው እናትሽን አይደለም

ኦዴሳ ፕሩዊት የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትከፍት እናቷ የተተኮሰውን ኮት በመስቀያ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። መቼ እንደመጣች፣ ምን ያህል እንደቆመች የሚያውቅ የለም። ኦዴሳ መጀመሪያ ድምፅዋ እንዳይሰማ ብላ ቧንቧውን ከፍታ ነበር። የሚፈሰው ውሃ ሐሳቧን እየበተነ ሲያስቸግራት ግን ዘጋችውና ሦስተኛውን ዙር ጭር ባለው ቤት ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየች፣ አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው። «እናቴ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አልጋ ላይ ተቀምጣ ከማልቀስ በቀር የምታደርገው ጠፍቷት ነበር። ፓስተራችን ዘንድ ሄጄ መጠለያ የለመንኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያው ሲበላሽ የጠገንኩትም እኔ ነኝ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ኢንጂነር መሆን እንዳለብኝ የገባኝም የዚያን ጊዜ ነው።» ከዚያ ለመስታወቱ ፈገግ አለች፤ እዚህ ጋ ፈገግ እንድትል ተነግሯታል። በሩን ስትከፍት ፈገግታው ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር።

«ኮቱ እንደሞቀ ነው፣ ሳይጨማደድ ልበሺው» አለች ሮንዳ።

ኮቱን የበሩ እጀታ ላይ ሰቀለችና ወደ ማድ ቤት ሄደች፤ ወዲያው ድስት ሲከደን ተሰማ። ኦዴሳ እዚያው እንደቆመች ቀረች። እናቷ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። ሮንዳ ፕሩዊት ስትቆጣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ምን እንደተበላሸ፣ ማን እንዳበላሸው፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንዳበላሸው ይሰማሉ። ዝም ስትል ነው የሚያስፈራው። ያን ጠዋት ዝም አለች።

ታሪኩ ግማሹ እውነት ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ኦዴሳ አሥረኛ ክፍል ሳለች የተከራዩት ቤት እነሱ ውስጡ እያሉ ተሸጠ። ከኅዳር እስከ ፋሲካ ድረስ ከማውንት ሳሌም ቤተ ክርስቲያን መመገቢያ አዳራሽ ጀርባ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ትንንሽ ወንበሮች በሚደረደሩባት ክፍል ኖሩ። እስከዚህ ልክ ነው። አልጋ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ እናት ግን አልነበረችም፤ አልጋም አልነበረም። መጠለያውን ያገኘችው ሮንዳ ናት። ማሞቂያውን የፈታችውም መልሳ የገጠመችውም ሮንዳ ናት፤ ኦዴሳ የእጅ ባትሪ ይዛላታለች። ይህን ሁሉ በማውንት ሳሌም ከሟቹ ከፓስተር ኦሊ በቀር ሰው አልሰማም። ሮንዳ የማውንት ሳሌም አስተናባሪዎች ኃላፊ ናት። እሁድ እሁድ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ በር ላይ ስትቆም ጳጳስ ቢመጣ እንኳ እሷ ካላሳየችው ቦታ አይቀመጥም። ያን ክረምት ቤቷ ለምን ሰው እንደማትጠራ እኛ ምእመናኑ ስንጠይቃት ወለሉ እየታደሰ ነው አለችን፤ እኛም አመንን። በየሳምንቱ «ወለሉ አለቀ?» እንላታለን፤ እሷም «ኧረ ተዉኝ፣ እነዚህ ሠራተኞች!» ትለናለች። ስብከቱ ሲያልቅ ሁላችንንም በሩ ላይ ቆማ ትሸኝና ዞራ ወደ ጓዳው ትገባ ነበር። ማናችንም አልጠረጠርንም። በነሮንዳ ቤት ከአሥሩ ትእዛዛት ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ የቤታችን ነገር ከቤታችን አይወጣም የሚል ነው።

ኦዴሳን ትእዛዙን ያስጣሷት ሚስተር ጋድስደን ናቸው። ሃሎዌይ ኮሌጅ በጥቁርነታቸው ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋባቸው አያቶቻችን ለራሳቸው ልጆች የከፈቱት ኮሌጅ ነው። የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹን ለሥራ ዓለም የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም ደግሞ ጋድስደን ናቸው የሚመሩት። ከቢሯቸው ሥር ባለው ምድር ቤት የቀድሞ ተማሪዎች የላኩት ኮትና ቀሚስ በየልኩ ተሰቅሏል፤ ልጅ ሁሉ እንደየቁመናው ይወስዳል። ክራባት አስተሳሰር፣ የእጅ አጨባበጥ፣ ከደንበኛ ጋር ራት ሲበላ ሹካ ከየት እንደሚነሳ ያስተምራሉ። ከሁሉ የሚከብዳቸው ግን ልጆቹ ስለራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ ነው። በኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ላይ አያፈጥም፣ እኔ እኔ አይልም፤ ቢል አፉን በጥፊ የሚዘጋለት ዘመድ ሞልቷል። ጋድስደን ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ጠያቂዎች ፊት ቀርቦ «እኔ ምንም አላደረግኩም፣ እግዚአብሔር ነው» ብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ዓመት በዓመት አይተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የተቃጠሉ ሰው ናቸው።

«ማሞቂያውን ማን ጠገነው?» አሏት መጀመሪያ ታሪኩን የሰሙ ቀን።

«እናቴ። እኔ ባትሪ ያዝኩላት።»

«ጥሩ። አንቺስ ምን ሠራሽ?»

«ባትሪ ያዝኩላት አልኩዎት እኮ።»

ጋድስደን ወንበራቸውን አስጠጉ። «ኦዴሳ፣ ኩባንያው የሚቀጥረው እናትሽን አይደለም።»

ከዚያ በኋላ ታሪኩ በየልምምዱ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ሄደ። ባትሪዋ ከኦዴሳ እጅ ወጣችና መፍቻ ገባ። ፓስተሩ ዘንድ የሄዱት መጀመሪያ ሁለቱም ነበሩ፤ ቆይቶ ኦዴሳ ብቻዋን ሄደች። እናትየው ያለቀሰችው በአራተኛው ልምምድ ላይ ነው። ጋድስደን ዋሺ ብለው አላዘዟትም፤ «እዚህ ጋ እናትሽ ምን እያደረገች ነበር?» ብለው ጠየቁ፣ ኦዴሳም ቶሎ የመጣላትን መለሰች፣ እሳቸውም «ይኼን የሰማ አይረሳሽም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ሰው እንዲህ ጠረጴዛ መትቶ ደስ ብሎት አያውቅም በሷ። ኖርዴል የሚባለው የሚኒያፖሊስ ኩባንያ ለበሽተኛ መድኃኒት የሚያንጠባጥቡ ፓምፖች ይሠራል። ለበጋው የተግባር ልምምድ፣ ኋላም ለቋሚ ሥራ፣ ከሃሎዌይ አንድ ልጅ ብቻ ይወስዳል። የሚጠየቁት ስድስት ናቸው። በከተማችን በጃክሰን ውስጥ በሷ ትምህርት ያለው ሥራ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፤ አጎቷ በዚያው ትምህርት ተመርቆ እስከ ዛሬ የመኪና ጎማ መሸጫ ውስጥ ነው ያለው። ኦዴሳ ይህን አንድ ቦታ ካላገኘች ምን እንደምትሆን ስታስብ ሌሊት ሌሊት ጥርሷን ታፋጫለች።

ቁርስ ላይ ሮንዳ ግሪትሱን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በቅቤና በእንቁላል አቀረበችላት። ኦዴሳ ማንኪያውን አዟዟረችው እንጂ አልበላችም። «ብይ» አላለቻትም፤ ይህም ያልተለመደ ነው። ሮንዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የምትነዳው፤ ለዛሬው ቀን ከወር በፊት ፈቃድ ጠይቃ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብተው ሁለቱም ቀበቷቸውን አሰሩ። ከሰፈሩ እስኪወጡ ሮንዳ የምትናገረው ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ሆነ። ቤንዚን ማደያው ጋ ሲደርሱ ሰሌዳውን እያየች «ደግሞ ጨመረ፣ ሦስት ዶላር ሊሞላ ነው» አለች። ኦዴሳ «አዎ» አለች። እንዲህ ያለ ወሬ ሁለት ሰዎች ሌላ ወሬ እንዳይመጣ የሚደግፉት በር ነው።

መብራት ላይ ቆመው ሮንዳ «የኧርነስቲን የእህት ልጅ መጥታለች አሉ» አለች።

«የማን?»

«የኧርነስቲን ነዋ። ያቺ ሚኒያፖሊስ ያለችው፣ ግዌን ቴት። እዚሁ ሃሎዌይ አይደል የተማረችው? ከነጮቹ ጋ ሆና ጠያቂዋ እሷ ናት እየተባለ ነው። ኧርነስቲን ሳምንቱን ሙሉ አላስቀምጥ ብላን ነው የከረመችው።»

ኦዴሳ ክው አለች። ኧርነስቲንን ለማያውቅ ሰው፣ በማውንት ሳሌም ከፓስተሩ ማይክሮፎን ይልቅ የሷ ስልክ ሩቅ ይሰማል። ሬዲዮ ናት ይሏታል፤ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል። ኦዴሳ ለሚኒያፖሊስ ሰዎች ብላ የቀባባችው ታሪክ እሁድ ከመድረሱ በፊት ዞሮ ማውንት ሳሌም እንደሚገባ በአንድ ጊዜ ታያት። ሮንዳ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ በሩ ላይ ቆማ፣ የሚገባው ሁሉ አንገቱን አዘንብሎ «አይዞሽ፣ ለካ እንዲያ ሆነሽ ነበር» ሲላት ታያት። ያውም ያልሆነችውን።

«እማዬ…»

«ያስተማሩሽን አድርጊ» አለች ሮንዳ፣ ዓይኗን ከመብራቱ ሳታነሳ። «ለዚህ ነው የተማርሽው።» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ነዳች። ኮሌጁ በር ላይ ስታወርዳት የኮቷን ኮሌታ አስተካከለችላት፤ ከኋላ አንድ ክር አይታ በጥርሷ በጠሰችው። «ስትጨርሺ ደውይ» ብላ ሄደች።

ጠያቂዎቹ አውሮፕላናቸው ዘግይቶ ጠዋት የነበረው ፕሮግራም ወደ ከሰዓት ተገፋ። ስድስቱም ልጆች በጋድስደን ቢሮ ኮሪደር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሁሉም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ላየው ሰው ጸሎት ቤት ይመስላል። ኦዴሳ ሌላ ታሪክ ፍለጋ ያለፈ ሕይወቷን በረበረች። ሌላ መከራ አላየሁም እንዴ? አለች ለራሷ፤ ሲፈለግ መከራም ይጠፋል። ጋድስደን ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ፤ «ዝም ብለሽ እንደተለማመድነው። ጨርሰሽ ፈገግ» አሏት። እሺ ጌታዬ አለች። ታሪኩን ብትናገር ሥራው የሷ ሊሆን ይችላል፤ ግን የእናቷን ስም በእናቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትገድላለች። ባትናገር የምትናገረው የላትም። ይህንን እያወጣች እያወረደች ተራዋ ደረሰ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሃልቮርሰን የሚባሉ ረጅም፣ ቀላ ያሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው ነጭ ሰው ናቸው። ሌላዋ ሚስ ቴት፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። ኦዴሳ ገና ወንበር ስትስብ «ፕሩዊት… የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ይህ ጥያቄ ጋድስደን ካዘጋጇቸው ጥያቄዎች ውስጥ የለም፤ ጃክሰን ውስጥ ግን ከሱ የሚቀድም ጥያቄ የለም።

«የሮንዳ ፕሩዊት።»

«የማውንት ሳሌሟ? ነጭ ጓንት የምታጠልቀው?» ሚስ ቴት ሳቁ። «ልጅ ሆኜ ማስቲካ ሳኝክ ደርሳብኝ እጇን ዘርግታ አስተፍታኛለች! ያን ጊዜ ራሷም ገና ወጣት ናት። ሃልቮርሰን፣ የዚችን እናት ብታያት ቀጥ ብለህ ነበር የምትቀመጥ።» ሃልቮርሰን በትሕትና ፈገግ አሉ።

ስለ ፓምፑ ሲጠይቋት ጥሩ ሄደላት። ሰሌዳው ላይ ሣለች፣ ግፊቱ የት እንደሚያንስ አሳየች፣ ሃልቮርሰን ጉንፋናቸውን ረስተው ጠመኔውን ከእጇ ተቀብለው ጨመሩበት። ለጥቂት ደቂቃ ጭንቀቷን እንኳ ረሳችው። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና ሃልቮርሰን ያን ጥያቄ አመጡት። «እስኪ በሕይወትሽ ከባድ የነበረ ነገር፣ እንዴት እንደተወጣሽው ንገሪን።» ኦዴሳ አፏን ከፈተች። የመጀመሪያዋ ቃል «እናቴ» ናት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሚስ ቴት ፈገግ ብለው፣ ስለዚያች ስለሚያውቋት ሴት ሊሰሙ ወደፊት ጠጋ አሉ። ኦዴሳ ቃሏን ዋጠቻት።

«ባለፈው ዓመት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሞተር አቃጠልኩ» አለች።

ሁለቱም እስክሪብቷቸውን አነሱ። የሚቀጥለውን እየጠበቁ ነው።

«ከዚያስ?» አሉ ሃልቮርሰን።

«ከዚያ… ሌላ ሞተር ሰጡን።»

ሃልቮርሰን አንዲት ነገር ጻፉ፤ ረጅም አልነበረችም። ሚስ ቴት መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። የመጨረሻው ጥያቄ «አንቺ የምትጠይቂን አለ?» የሚል ነበር። ኦዴሳ ሦስት ጥያቄ አጥንታ ሁለቱ ጠፉባት፤ የቀረችውን ስለ ሚኒያፖሊስ ብርድ ጠይቃ ወጣች። ጋድስደን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ፊቷን ሲያዩ ገና ሳይጠይቁ ገብቷቸዋል፤ ግን ጠየቁ።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ሞተር ማቃጠሌን።»

«ሞተር» አሉ ጋድስደን። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ልጄ፣ ሞተር ሁሉም ሰው ያቃጥላል።» ሊቆጧት የፈለጉ ይመስላል፤ የመጨረሻው ልጅ ስሙ ሲጠራ ግን ክራባቱን ሊያስተካክሉለት ሄዱ። ኦዴሳ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለእናቷ ደወለች። ማልቀስ አማራት፣ ኮቱ የኮሌጁ ስለሆነ እንዳታረጥበው ፈራች።

ሮንዳ ቆይታ ስትመጣ ነጭ በነጭ ለብሳ ነበር። ረቡዕ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሙሉውን የአስተናባሪ ልብስ፣ ነጭ ጫማውን ጭምር። ኦዴሳ ገብታ በሩን ዘጋችና አየቻት። «ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?» አለች። ሮንዳ አልሳቀችም። መኪናውን አስነስታ ከግቢው ሳትወጣ ዛፍ ጥላ ሥር አቆመችው፤ ሞተሩን ለአየር ማቀዝቀዣው ብላ አላጠፋችም።

«ነገርሻቸው?» አለች እሷም።

«አልነገርኳቸውም እማዬ።» ኦዴሳ የቀኑን ሙሉ ጭንቀት ተገላግላ ለእናቷ የምትሰጣት ስጦታ ይህ ብቻ ስለሆነ ፈጥና ሰጠቻት። «አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ቤቱም፣ ስላንቺም። ማንም አይሰማም፣ አታስቢ።»

ሮንዳ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደሷ ዞረች። ደስ አላላትም። የሆነ ነገር ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ያየች ነው የምትመስለው። «አልነገርሻቸውም?» አለች።

«አልነገርኳቸውም።»

«እኔ ተናግሬያለሁ።»

የተናገረችው የረቡዕ የቀትር ጸሎት ላይ ነው። እዚያ ነበርኩ። የምንመጣው አሥራ አምስት የማንሞላ ጡረተኞች ነን፤ ሮንዳ ሥራ ላይ ስለምትሆን መጥታ አታውቅም። ነጩን ለብሳ ስትገባ፣ ከእሁድ ውጪ የምትለብሰው ለቀብር ነውና፣ የአንዳችን ቀብር ያመለጠን መስሎን ተያየን። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሳች። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ሰው አስቀምጣ ታውቃለች እንጂ ቆማ ተናግራ አታውቅም። ያን ክረምት ወለል እንዳልታደሰ፣ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ እንደኖሩ፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ከማልቀስ በቀር የምታደርገው እንደጠፋት ነገረችን። ልጄ ናት አለች። ፓስተር ኦሊ ዘንድ ሄዳ የለመነችው ልጄ ናት፣ ማሞቂያውንም የጠገነችው ልጄ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ተቀመጠች። ሁላችንም አለቀስን። የኧርነስቲን እንባ ጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ስልኳ ከቦርሳዋ ወጥቶ ነበር።

«እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?» አለች ኦዴሳ።

«ኧርነስቲን ካንቺ በኩል ዞሮ ብትሰማው ኖሮ ታጣራዋለች። ታውቂያታለሽ። ከኔ አፍ ከሰማችው ማን ውሸታም ይልሻል?»

«ግን ውሸት ነው እኮ!»

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ፤ እዚያ ነበርኩ።»

«እግዚአብሔር ቤት ቆመሽ?»

«እሱም እዚያ ነበር፤ ያውቀዋል» አለች ሮንዳ። ድምፅዋ ግን እንደ ቃሏ አልጸናም። ከመስኮቱ ውጪ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ኦዴሳ አፍራ መግቢያ አጣች። እናቷ ያን ሁሉ ዓመት በነጭ ጓንት የጠበቀችውን ስም በአንድ ቀትር አሳልፋ ሰጥታላታለች፤ እሷ ደግሞ ሞተር አቃጠልኩ ብላ መጥታለች። ሁለቱም ሌላ ቃል ሳይናገሩ ስልኳ ጮኸ።

ሚስ ቴት ናቸው። «ልደውልልሽ አይገባም ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «ሃልቮርሰን መድኃኒት ሊገዙ ወጥተዋል። ሲመለሱ እንወስናለን፣ ከዚያ ወደ አየር ማረፊያ ነን። አክስቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ልጄ፣ ይኼ ሁሉ አልፎብሽ ስለ ሞተር ነው የምታወሪን? እውነት ነው የምትለው?»

ድምፁ መኪናው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሮንዳ አዎ በይ እያለች አንገቷን ነቀነቀች፤ ኦዴሳ ዝም ስትል ጉልበቷን ያዘቻትና ጨመቀችው።

«አይደለም ሚስ ቴት» አለች ኦዴሳ። «እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። እኔ ባትሪ ነው የያዝኩት።»

ሮንዳ ስልኩን ነጠቀቻት። «ግዌን? ሮንዳ ነኝ። አትስሚያት። ይቺ ልጅ ስለራሷ መናገር አትችልም፣ እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልነበርኩም። ተቀምጬ ሳለቅስ ነው እሷ…» ኦዴሳ መልሳ ወሰደችው። ለትንሽ ጊዜ ሁለት ሴቶች ጠባብ መኪና ውስጥ ለአንድ ስልክ ተጋፉ፤ አንደኛዋ እሷ ናት ትላለች፣ ሌላዋ እሷ ናት ትላለች።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ» አሉ ሚስ ቴት በመጨረሻ። «ጊዜ የለኝም። ኦዴሳ፣ እንዴት ነበር?»

ኦዴሳ ነገረቻቸው። ያላጠናችው ስለሆነ ቃሉ ይደናቀፋል፤ ፈገግታም የለበትም። ቤቱ እንደተሸጠ፣ ዘመድ ሁሉ ቦታ የለንም እንዳለ፣ እናቷ ግን ፊቷ ላይ አንዳች ነገር እንዳላሳየች ተናገረች። «አንድ ቀን ማታ፣ ዝናብ ነበር፣ ብቻዋን ፓስተር ኦሊ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ዕቃሽን ሰብስቢ አለችኝ። እንግዲህ ፓስተር ኦሊ መጀመሪያ እንቢ ብለዋት ነበር፣ ያን አውቃለሁ፣ ለማንም አይፈቅዱም ነበር። እሷ ግን…» እዚህ ስትደርስ ቆመች። የሚቀጥለውን አታውቀውም። በልምምዱ ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ራሷን ነበር የምታቆመው፤ አሁን ራሷን ስታነሳ ቦታው ባዶ ሆነ።

«እሷ ግን ምን?» አሉ ሚስ ቴት። «ፍጠኚ ልጄ፣ መጡ መሰለኝ።»

ኦዴሳ ወደ እናቷ ዞረች። ሮንዳ ወደ ውጪ እያየች ነበር።

«እማዬ፣ ያን ማታ ምን ብለሽ ነው እሺ ያሰኘሻቸው?»

ይህን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት ሰው ጠይቋት አያውቅም፤ ልጇም ጭምር።

«ስልኩን ዝጊውና እነግርሻለሁ» አለች።

«ሄሎ?» ይላሉ ሚስ ቴት። «ኦዴሳ? ገብተዋል፣ ሄሎ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ሚስ ቴት» አለች ኦዴሳ፤ ዘጋችውም።